ዝርዝሩን አውጡልን

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአገራችን የፊልምና የቴሌቪዥን ቀረጻዎች ዝርዝር ለተመራማሪዎች ይፋ እንዲሆን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ስለ 1966 ዓ.ም. አብዮት ስንወያይ አንድ ተማሪዬ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ስልኩን ይዞልኝ መጣ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነበር። አጥንታቸው የገጠጠ የወሎ ሕፃናት ይታያሉ፤ ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይከተላል፤ ደግሞ ሕፃናቱ፣ ደግሞ ግብዣው። ከሥር አንድ ሰው የዋሽንት ዜማ ጨምሮበታል። ቀን የለውም፣ ምንጭ የለውም። "መምህር፣ ይህ ግብዣ የተደረገው ሕፃናቱ በሚሞቱበት ሰሞን ነው ወይስ ከዚያ በፊት?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ የቀረበልኝ ጥቂት ጊዜ ነው። መልሱን ግን አላውቀውም ነበር።

ታሪኩን እርስዎም ያውቁታል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጸው የረሃብ ዘገባ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ቀረበ። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ምሽት፣ ደርግ ይህንኑ ዘገባ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ግን የአቀናባሪው እጅ ነው፤ ተመልካቹም የፈረደው ያንን አይቶ ነው። ያንን ምሽት በትክክል ለማጥናት የመጀመሪያው ዘገባ ሙሉ ቅጂ፣ በዚያ ምሽት የተላለፈው ቅንብር፣ የድግሱ ምስሎች የተወሰዱባቸው የፊልም ጥቅሎችና የተቀረጹበት ቀን ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰዎች ሥራ ነው። የቀሩት የእኛ ናቸው።

ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ፊልም ያስቀምጣል ወደተባልሁት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ደብዳቤ አስገባሁ። ያስተናገዱኝ ሰው ትሑትና ቅን ነበሩ፤ ሻይ ጋበዙኝ። "የጥቅሉን ቁጥር ቢነግሩኝ አወጣልዎት ነበር" አሉኝ። ቁጥሩ የት ይገኛል ብዬ ስጠይቃቸው ለሕዝብ የሚሰጥ ዝርዝር እንደሌለ ነገሩኝ። ሳላየው ቁጥሩን ላውቅ አልችልም፤ ቁጥሩን ሳላውቅ ደግሞ ላየው አልችልም። በዚሁ ተመለስሁ።

አሁን ከዚህ ጋር የሚያቃጥለኝን ነገር ልንገርዎ። በ1924 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት የፊልም ድርጅት፣ ኢስቲቱቶ ሉቼ፣ የወረራውን ዘመን የቀረጸውን ዜና ዛሬ በኢንተርኔት ከፍቶታል። በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ተማሪዬ ባሕር ዳር ሆኖ በስልኩ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ማየት ይችላል፤ ከምስሉ ሥር ቀኑ፣ ቁጥሩና የይዘቱ መግለጫ ተጽፎለታል። መርዝ ጋዙን ግን አያይም። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋም አያይም። ካሜራውን የያዘው ወራሪው ነበርና። እንግዲህ ሊገድለን በመጣው ሰው ዓይን የተቀረጸው በሥርዓት ተዘርዝሮ በደጃችን ሲገኝ፣ በ1957 ዓ.ም. ከጀመረው ከገዛ ቴሌቪዥናችን የተረፈው ዝርዝር ሳይወጣለት ሲቀር፣ የነገ ታሪክ ጸሐፊ የቱን ይጠቀማል? ያገኘውን ነዋ!

ውጤቱንም ማየት ጀምረናል። ስለ አድዋ በሚቀርቡ ፕሮግራሞች ውስጥ ተንቀሳቃሽ የጦርነት ምስል ደጋግሜ አይቻለሁ። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ በክፍያ የመጀመሪያውን ፊልም ያሳዩት የአድዋ ድል ሊደረስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው፤ አድዋን የቀረጸ ካሜራ የለም። በእነዚህ ፕሮግራሞች የሚታየው ከ40 ዓመት በኋላ የተቀረጸው የ1928ቱ ጦርነት ነው። የአባቶቻችንን ድል ጠላት በቀረጸው ምስል እየተረክን መሆናችንን ማንም ልብ አላለውም። አዘጋጆቹን አልወቅስም፤ የሚያመሳክሩበት መዝገብ አልሰጠናቸውም።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅሁም፤ ሁሉም ነገር ነገውኑ በዲጂታል ይገልበጥ አላልሁም፤ ያ ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈልግ ይገባኛል። ዝርዝሩ ይውጣ። አገልግሎቱ በእጁ ካለው ይጀምር፤ ከዚያም ከኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንና ቀረጻ ካላቸው ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋግሮ አንድ የጋራ መዝገብ ያዘጋጅ። የጥቅሉ ወይም የካሴቱ ቁጥር፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ ቀራጩ፣ ርዝመቱ፣ ያለበት ሁኔታ ይጻፍ። ቀኑ ካልታወቀ "አይታወቅም" ተብሎ ይጻፍ፤ ለእኛ እሱም ትልቅ መረጃ ነው። ለነገሩ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ግን ምኑ ይጠየቃል?

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። የቆርቆሮው ክዳን ሲነሣ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፊልም መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ የተጀመረ መበስበስ ሊዘገይ እንጂ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። ዩማቲክ የሚባሉትን የድሮ የቪዲዮ ካሴቶች የሚያጫውት መሣሪያም ዛሬ አይመረትም። የትኛው ቀድሞ ይዳን የሚለውን ለመወሰን እንኳ ዝርዝሩ ያስፈልጋል።

አሮጌ ምስል ቢከፈት ቁስል ይቀሰቅሳል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ምስሉ ተቆራርጦ፣ ቀኑ ተፍቆ፣ ዜማ ተጨምሮበት በየስልኩ እየዞረ ነው። ልጆቹ የሚጣሉት በዚያ ቁርጥራጭ ነው። ሙሉውን አይተው ቢከራከሩ እመርጣለሁ።

ለሥራው የሰው ጉልበት ካነሰ እኔም የሥራ ባልደረቦቼም በክረምት ተማሪዎቻችንን ይዘን ለመምጣት ዝግጁ ነን። ጓንት አጥልቀን፣ ባለሙያዎቻችሁ እያሳዩን፣ ከቆርቆሮው ክዳን ላይ የተጻፈውን እንገለብጣለን።

ያ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፉን በመስከረም 1ዱ ምሽት ላይ መሥራት ይፈልጋል። ርዕስ እንዲቀይር እስካሁን አልነገርሁትም። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ይፋ የሚሆንበትን ቀን ቢያሳውቁን፣ በማግሥቱ ጠዋት ሁለታችንም በራችሁ ላይ እንገኛለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የታሪክ መምህር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር