ባድ ፓወልን ያልከዳው ሰው

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳንጠያየቅ ዓመታት ነጎዱ፤ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ቴሎኒየስ ሞንክ ነው። ሰሞኑን ከእሱ ሌላ አልሰማም፤ ስለ እሱ የማወራው ሰው ደግሞ ከአንተ በቀር የለኝም።

መጀመሪያ ስትሰማው የተሳሳተ ይመስልሃል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎችን አብሮ ይመታና ሲጋጩ ይተዋቸዋል። ሌላው በኖታ የሚያጥለቀልቀውን ቦታ እሱ እንደ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ጥቂት ብሎ ዝም ይላል። ደጋግመህ ስማውና አንዷም ኖታ ያለ ቦታዋ እንዳልገባች ታያለህ።

ከሁሉ የነካኝ ግን የ1951 እ.ኤ.አ. ነገር ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ፣ ኒውዮርክ ውስጥ፣ እሱና ጓደኛው፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ባድ ፓወል መኪና ውስጥ ሳሉ ፖሊስ ደረሰባቸው፤ አደንዛዥ ዕፅ ተገኘ። ዕፁ የባድ እንደነበር ይነገራል። ሞንክ በጓደኛዬ ላይ አልመሰክርም ብሎ ታሰረ። የባሰው ግን ከእስሩ ወዲያ ያለው ነው። ያኔ በዚያች ከተማ መጠጥ በሚሸጥበት ክለብ ለመጫወት ከፖሊስ የሚሰጥ ካርድ ያስፈልግ ነበር፤ እሱን ነጠቁት። እስከ 1957 የኒውዮርክ ክለቦች ተዘጉበት። አስበው፣ ያ ሁሉ ዓመት በጉልምስናው ዘመን! ባለቤቱ ኔሊ ሠርታ ቤቱን ደገፈች፤ እሱም ዜማ መሥራቱን፣ ሸክላ መቅረጹን አልተወም። ከዚያ በፊት በ1947 ለባድ መታሰቢያ ያስቀረጸው «ኢን ዎክድ ባድ» አለልህ። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ እንደ ድሮው ልሰማው አልቻልኩም።

ካርዱ ሲመለስለት ፋይቭ ስፖት የሚባለው የኒውዮርክ ክለብ ገባ፤ አብሮት የተጫወተው ሳክስፎን ነፊው ጆን ኮልትሬን ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ካርኔጊ አዳራሽ ያቀረቡት ተቀርጾ ተረስቶ ኖሮ በ2005 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። እንዲህ ያለ ሀብት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ያንገበግበኛል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፒያኖ መንካት ትቶ በ1982 አረፈ። ሰባ ያህል ዜማ ነው የተወልን። ቁጥሩ ብዙ አይደለም፤ ግን «ራውንድ ሚድናይትን» ያልሞከረ የጃዝ ተጫዋች ከየት ይገኛል?

አደራ፣ ከካርኔጊው መጀመሪያ ያለውን «ሞንክስ ሙድ» ስማና ኮልትሬን ሲገባ ምን እንደተሰማህ ጻፍልኝ። እናታችንን ሳምልኝ።

ወንድምህ