ዘፈኑ የማን እንደሆነ ንገሩን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ሬዲዮ። ሬዲዮው ጠዋት ሱቅ ስከፍት ይከፈታል፣ ማታ ስዘጋ ይዘጋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ እኔም ያን ጊዜ በእግር ወደምትረገጠዋ አሮጌ መኪናዬ እዞራለሁ። እና በቀን 10 ሰዓት ያህል ዘፈን እሰማለሁ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ዘፈን ያሰሙናል፣ የማን እንደሆነ ግን አይነግሩንም። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልጠራም፤ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእሱው እጽፍለት ነበር።

በቅርቡ የሆነውን ልንገራችሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሏል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ኮሌታው ላይ ደርሻለሁ። አንድ ዘፈን ጀመረ። መጀመሪያ ዋሽንት ብቻ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ከወንዝ ማዶ የሚነፋ የሚመስል። ቀጥሎ ከበሮ ገባ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲመጣ እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። ዘፋኟ ድምፀ ወፍራም ናት፣ ወደ ላይ ስትወጣ እንኳ ድምጿ አይሰነጠቅም። ሮክ ነው እንዳልል አገርኛው አለበት፣ አገርኛ ነው እንዳልል ጊታሩ ጣራውን ሊያነሳው ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ አቅራቢው ዘፈኑን ዝቅ አደረገና "አብራችሁን ቆዩ" አለ። ከዚያ ማስታወቂያ፣ አሁንም ማስታወቂያ። እኔ ቆየሁ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ዘፈኑም አልተመለሰም፣ ስሙም አልተነገረም፣ ዘፋኟም አልተጠራችም።

ለረዳቴ አንጎራጎርኩላት። ስልኳን አውጥታ የያዝኳትን አንድ ስንኝ እየጻፈች ፈለገች፣ አላገኘችም። አባይ ማዶ የሚመላለስ ባጃጅ ያለው ደንበኛ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የሚሰማ ልጅ ነው። እሱንም ጠየቅሁት። "እንዴ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ግን ማን እንደሆነች አልተናገሩም" አለኝ። ይኸው ነው እንግዲህ። ሁለት ሰዎች፣ በሁለት ቦታ፣ አንድ ዘፈን ወደድን፣ ሁለታችንም ስሙን አናውቅም።

ልጆቹ "ስልክ ላይ ብትሰሚ ስሙ ተጽፎ ታገኚዋለሽ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን እኔ እጄም ዓይኔም ሥራ ላይ ነው፣ ነፃ ያለኝ ጆሮዬ ብቻ ነው። ፀጉር ቤቷም እንደዚያው ናት፣ ጣና ዳር አሳ የምትጠብሰዋም፣ ባጃጁም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም። በየቀኑ ኢንተርኔት ለመግዛትም ሁሉም ሰው አቅም የለውም። ሬዲዮ የእኛ ነው። እኛ ደግሞ የምናየው ጽሑፍ የለንም፤ አቅራቢው ካልነገረን ማን ይነግረናል?

ጊዜ የለም እንዳይባል፣ ጊዜ አለ። ሰላምታ ለማስተላለፍ የሚደውል ሰው የዘመዶቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ እናቱን፣ አክስቱን፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን፣ የሰፈሩን ልጆች። ይህን ቅሩ እያልኩ አይደለም፣ በጭራሽ። እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። አንድ ፋሲካ ላይ ታናሽ ወንድሜ ደውሎ ዘፈን ጋበዛት። እሷ ቡናዋን ሰሌን ላይ እያሰጣች ነበር፣ አልሰማችም፤ ጎረቤቷ ናቸው "ስምሽ ተጠራ! ስምሽ ተጠራ!" እያሉ እየሮጡ የመጡት። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች። እስካሁን ታወራዋለች። ስም በሬዲዮ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ያየሁት ከእሷ ነው። ታዲያ ያን ዘፈን ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰው፣ ዜማውን ያወጣለት ሰው፣ እሱስ ስሙን መስማት አያምረውም? እናቱስ?

በደንብ የሚሠሩም አሉ፣ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። አንዲት አቅራቢ የቴዲ አፍሮን "ማር እስከ ጧፍ" ከማሰማቷ በፊት ዘፈኑ በ2009 በወጣው "ኢትዮጵያ" በሚለው አልበም ውስጥ እንዳለ፣ መነሻውም የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" እንደሆነ ተናገረች። ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አላወራችም። ረዳቴ ዘፈኑን ስንት ጊዜ ስትዘፍነው ኖራለች፣ መጽሐፍ መኖሩን አታውቅም ነበር። የጎጃም ልጅ ሆና! በሳምንቱ መጽሐፉን ከሰው ተውሳ መጣች። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ታነበዋለች፣ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ትነግረኛለች፣ እኔም እየሰፋሁ እሰማለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላም አለ። እኔ ስፌት አይቼ የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀሚስ ለማሳጠር ሲያመጡልኝ ዘምዘማውን ገልበጥ አድርጌ አያለሁ፣ እጅጌው የተያያዘበትን አያለሁ፣ ከዚያ "ይህ የእገሌ ሥራ ነው" እላለሁ፣ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። ሙዚቃም እንደዚያ ነው። የዜሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበምና የኢዮብ መኮንንን "እንደ ቃል" ስሰማ አንድ የሆነ ነገር ይመሳሰልብኝ ነበር፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ፣ አዘፋፈናቸው ለየቅል፣ ግን ከድምፁ ሥር ያለው ነገር አንድ ቤት የተሰፋ ይመስለኛል። ለዓመታት ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ቆየሁ። ኤልያስ መልካ ነው። ሁለቱንም ያቀናበራቸው እሱ ነው። የቴዲ አፍሮን የመጀመሪያ አልበም "አቡጊዳ"ንም እሱ እንዳቀናበረው ስሰማ ጭራሽ ተገረምኩ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን መቼ መሰላችሁ? ኤልያስ መስከረም 2012 ላይ ሲያርፍ፣ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ ሲያወራ። በሕይወት እያለ ዘፈኖቹን በየቀኑ ሰምቻለሁ፣ ስሙን ግን የሰማሁት በቀብሩ ሰሞን ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው።

ጃኖ ባንድንም የማውቀው እንዲሁ በድንገት ነው። ስሙ ነው መጀመሪያ የያዘኝ፣ ምክንያቱም ለእኛ ለልብስ ሰዎች ጃኖ ማለት ያ ቀይ ጥለቱ ሰፊ የሆነው ነጭ ኩታ ነው። ዘፈናቸውን ስሰማ ስሙ ልክ ሆኖ አገኘሁት። ከበድ ያለ የሮክ ጊታር፣ ከላዩ ላይ የአገራችን አዘፋፈን። "ኤርታሌ" የሚለው የመጀመሪያ አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የወጣው፣ ፕሮዲውሰሩም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። እና ቢል ላስዌል ማን ነው? የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አልበም የሠራው ሰው ነው፤ እነ "ዓባይ"ና "ጉራማይሌ" ያሉበትን። አያችሁ እንዴት እንደሚያያዝ? የጂጂን "ዓባይ" የማይወድ የባሕር ዳር ሰው አላጋጠመኝም። "ከዚህ አልበም ጀርባ የነበረው ሰው ሮክም ሠርቷል፣ ይኸው ስሙት" ቢባል ሮክ ጩኸት ነው የሚሉት እነዚያ ደንበኞቼ እንኳ ጆሯቸውን ያቀኑ ነበር። አሁን ግን የጃኖ ዘፈን በስንት ጊዜ አንዴ ያለ ስም ይመጣል፣ ያለ ስም ይሄዳል፣ ሰዉም ሬዲዮው የተበላሸ ይመስል ቀንሺው ይለኛል።

ሮፍናንን ወጣቶቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ለእሱ ጠበቃ አያስፈልገውም። እሱን ስንሰማ ግን "ነፀብራቅ" ከሚለው አልበሙ ነው ወይስ ከኋላው ከመጡት? ማን ይናገር?

ደግሞ ዘፈን መቁረጥ። መጀመሪያውን አቅራቢው ያወራበታል፣ መጨረሻውን ማስታወቂያ ይበላዋል። ረዳቴ የዘ ዊክንድ አድናቂ ናት፣ ያ ቶሮንቶ ያደገው የኛው ልጅ አቤል ተስፋዬ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው "ዘ ሂልስ" የሚባለው ዘፈኑ መጨረሻው ላይ በአማርኛ የፍቅር ቃል አለበት። በአማርኛ! እኔ ዘፈኑን በሬዲዮ ስንትና ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አማርኛውን ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም፣ እዚያ ሳይደርስ ይቆረጣላ። አንድ ቀን ረዳቴ "እትዬ፣ እስኪ ዝም ብለሽ ጨርሺው" ብላ ከስልኳ አሰማችኝ። እንግሊዝኛው አለቀ፣ ሙዚቃው ቀዝቀዝ አለ፣ ከዚያ የራሴ ቋንቋ መጣ። መቀሴን አስቀመጥኩ። ያን ያህል ዓመት በየቀኑ ከሱቄ ደጃፍ ደርሶ የሚመለስ እንግዳ ነበር ማለት ነው።

ጠበቃ የሆኑ ደንበኛዬ ሱሪ ሊለኩ መጥተው ይህን ሳወራ ሰሙኝና ነገሩ የሕግም ጉዳይ እንደሆነ ነገሩኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ ቁጥር 872፣ ደግሞ የሮያሊቲን፣ ማለትም ሥራው ሲሰማ ለባለቤቱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ጉዳይ አስገብቷል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ስለ ክፍያው የሚያውቁት ይከራከሩበት። ግን የማን ዘፈን በየትኛው ቀን እንደተሰማ በአየር ላይ እንኳ ካልተነገረ፣ ያ ሰው ገንዘቡን ምን ብሎ ይጠይቃል? ስም መጥራት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ለአቅራቢዎቹ ክፉ የለኝም። ብቻዬን ስሠራ ያመሸሁባቸውን ምሽቶች ሁሉ ያሳለፍኩት ከእነሱ ጋር ነው። ድምፃቸውን ከሩቅ አውቀዋለሁ፣ ጉንፋን ሲይዛቸው እንኳ አውቅባቸዋለሁ። የምለምናቸው ትንሽ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ካልሆነም ሳይጀምር፣ ዘፋኙን፣ የዘፈኑን ስም፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳቀናበረው በሉን። ሁሉ ባይመቻችሁ እንኳ ዘፋኙንና የዘፈኑን ስም አታስቀሩብን። ማስታወቂያውን ከዘፈኑ በኋላ አድርጉት፤ ሦስት ደቂቃ የታገሠ ሰው አራተኛዋንም ይታገሣል። እነይልማ ገብረአብ ስንት ግጥም ጽፈው፣ እነአበበ መለሰ ስንት ዜማ ደርሰው፣ እኛ የዘፋኙን ብቻ እያወቅን ኖርን። የአሁኖቹ ወጣት ጸሐፊዎችና አቀናባሪዎች እንደዚያ አይሁኑብን። ምናልባት አንዱ እዚሁ ፔዳ ግቢ የሚማር ልጅ ይሆናል፣ ምናልባት የልብሱን ዚፕ የቀየርኩለት ልጅ ይሆናል፣ በምን አውቃለሁ?

አሁን ወደዚያ ዘፈን ልመለስ። ማክሰኞ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል። ዋሽንት ይቀድማል፣ ከበሮ ይከተላል፣ ከዚያ ጊታር። ሴት ናት፣ ድምፀ ወፍራም። አዝማቹ ላይ ስለ ዝናብ የሆነ ነገር ትላለች፣ ከዝናቡ በኋላ ያለውን ቃል አልያዝኩትም። ያሰማችሁት አቅራቢ ይህን ካነበባችሁ፣ ወይም የሰማችሁትና የምታውቁት ሰዎች ካላችሁ፣ በሞቴ በዚሁ ዓምድ ጻፉልኝ። ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ አልቋል፣ ልጁም ለብሶት ትምህርት ቤት እየሄደ ነው። እኔ ግን ዜማውን እስከ ሁለተኛው አዝማች ድረስ ብቻ ነው የማንጎራጉረው።

ልብስ ሰፊዋ
ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14