የክርስትና ልጅሽ አልቆርብም አለች

ይድረስ ለጓደኛዬ፣ አዳማ

እንደምን ከረምሽ? መቼም «ሞተሽ ነበር ወይ?» ብለሽ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። አልሞትኩም። ስልኬ ጠፍቶ ነው፣ ቤት ቀይረን ነው፣ ልጆቹ ታመው ነው እያልኩ ብደረድር አንዱንም ስለማታምኚኝ ይቅር በይኝ ብዬ ልለፈው። የእናትሽን ሙት ዓመት እንኳ... ተይው፣ እሱን ቁጭ ብለን እያለቀስን እናወራዋለን። ካሳንቺስ የድሮው ግቢያችን ፈርሷል፤ ባለፈው ሳልፍ የትኛው ጋ እንደነበር ማወቅ አቃተኝ። በቃ፣ ወሬ ይኼው ነው። አሁን የጻፍኩልሽ ለሌላ ነገር ነው።

የክርስትና ልጅሽ አልቆርብም አለች።

በፍልሰታ እኮ ነው! እኛ ፍልሰታን እንዴት እንደምንጠብቀው ታስታውሻለሽ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን፣ ቆርበን፣ እየተንሳፈፍን ወደ ቤት ስንመለስ። እሷም እስከ ዓምና እንደዚያው ነበረች። ዘንድሮ ዐሥራ ሁለት ሞላትና የማላውቃት ልጅ ሆነችብኝ።

ጾሙ እንደገባ ቀትር ላይ ለቅዳሴ ወጣን። የኮዬ ፈጬን የክረምት ጭቃ አታውቂውም፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልሽ ነው የምትሄጂው። በሩ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንድ ባጃጅ አለፈና ነጠላዋ ላይ ጭቃ ረጨባት። ጥለቱ ላይ፣ ሽምብራ ሽምብራ የምታክል ነጠብጣብ። ቀጥ ብላ ቆመች። «እማዬ፣ እኔ አልገባም።» በመሐረብ ጠረግኩላት፤ አልለቅ ሲል ነጠላውን ገልብጬ አለበስኳትና «ይኸው፣ ማንም አያየውም» አልኳት። «እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ወደ ቤት ተመለሰች።

ነገሩ የነጠላ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ትራሷ ሥር ደብተር አገኘሁ። (ማንበቤ ነውር ነው፣ አትቆጪኝ።) ለነፍስ አባታችን የምትናዘዘውን ጽፋበታለች። «ለወንድሜ ዳቦዬን ሰጠሁት፤ ግን እያጉረመረምኩ።» «ጸሎት ላይ ስለ ጫማ አሰብኩ።» «አፌን ስጉመጠመጥ ውኃ የዋጥኩ መሰለኝ።» መሰለኝ! ደግሞ ዝርዝሩ ሁለት ቦታ ነው የተጻፈው። ለምን መሰለሽ? የፊተኛው ገጽ ላይ ስርዝ ድልዝ አለ፤ ስለዚህ ኃጢአቷን በማስመሪያ አስምራ እንደ አዲስ ገልብጣዋለች። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ነፍስ አባታችን ሰምተዋት ትንሽ ስግደትና መዝሙር 50ን ሰጧት። ማታ ማታ በበሩ በኩል እሰማታለሁ። ቁጥሩ ሲምታታባት ከአንድ ትጀምራለች። «ተሣሃለኒ እግዚኦ» ብላ ጀምራ መሃል ላይ ምላሷ ከተደናቀፈ እንደገና ከላይ። ጉልበቷ ቀልቷል። «ትክክል ካልሆነ አይቆጠርም» ትለኛለች። ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «ሰይጣን ሰነፉን በስንፍናው፣ ትጉዋን በትጋቷ ነው የሚፈትናት። ቀኖናውን አንሥቼላታለሁ በያት» አሉኝ። ነገርኳት። «ሳልጨርሰው?» ብላ አለቀሰች።

ባለቤቴ «ከአንቺ ወርሳው ነው» ይላል። እኔ? አትሳቂ። እንጀራው ዓይን አላወጣም ብዬ እንግዳ ፊት ማልቀሴን አሁን አታንሺብኝ። እሱስ? ልጅቷ ከክፍሏ ሁለተኛ ስትወጣ «ማን በለጠሽ?» የሚለው ማን ሆነና ነው?

ክፍሏ ግድግዳ ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ፣ «እናንተ የሰማዩ አባታችሁ ፍጹም እንደ ሆነ ፍጹማን ሁኑ» የሚለውን ለጥፋለች። ማቴዎስ 5፥48። እስቲ ከፍ ብለሽ ጀምሪው ብያት አብረን አነበብነው። እዚያ ጋ ጌታ የሚናገረው ጠላትን ስለ መውደድ ነው፤ በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ፀሐይን ስለሚያወጣ አባት ነው፤ ስለ ስርዝ ድልዝ አንድም ቃል የለበትም። ሉቃስም እዚህ ትምህርት ላይ ሲደርስ «ርኅሩኆች ሁኑ» ብሎ ነው የጻፈው። ስብከቱ የተሳካልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና «እኔስ ከየትኞቹ ነኝ? ከክፉዎቹ ነኝ ከበጎዎቹ?» አለችኝ።

ወደ ጴጥሮስ ዞርኩ። ሦስት ጊዜ ካደ፤ ጌታ ከተነሣ በኋላ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው እንጂ «ለምን ካድከኝ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ጭራሽ በጎቹን ሰጠው። «እሱ እኮ አንድ ሌሊት ነው» አለች፤ «እኔ በየቀኑ ነው።»

ቀጥሎ የመጣው ነው የባሰው። «ቆይ፣ አንቺስ ለምን አትቆርቢም?»

ምን ልበላት? ታውቂያለሽ፣ በሰማንያ ነው የተጋባነው፣ በቁርባን አይደለም። እስቲ ልጆቹ ከፍ ይበሉ፣ እስቲ ኑሮው ረጋ ይበል፣ እስቲ ምላሳችንን እንግታ እያልን ይኸው እዚህ ደረስን። እኛ ብቻም አይደለን፤ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የሚሰለፉትን ብታይ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ በእኛ ዕድሜ ያለው ሰው ዳር ቆሞ ያያል። እና አፌ ላይ የመጣልኝ «አልበቃሁማ» የሚል ሆነ። ቀና ብላ አየችኝ። «እኔም እኮ እሱን ነው ያልኩት።» ደግነቱ ጀበናው ገነፈለና ተነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በሰማንያ ቀኗ፣ አንቺ ታቅፈሻት፣ ሰፈሩን በጩኸት እያናጋች ስትቆርብ ማን ነበር በቅታለች ያለው? ይኼንን ልነግራት እፈልጋለሁ፤ ግን እኔ ራሴ ዳር ቆሜ እንዴት እነግራታለሁ? አየሽ ችግሬን?

ስለዚህ ነይልኝ። በተክሊል አግብተሽ ትቆርቢያለሽ፣ ደግሞ (አትቀየሚኝ) እንደ አንቺ በአደባባይ የተሳሳተ ሰው አላውቅም። ያን ጥምቀት ንገሪያት! በጥር 11፣ ከጃንሜዳ ስንመለስ፣ ከበሮውን አንግተሽ የልደት መዝሙር ያነሣሽውን። ከኋላ እናቶች እልል ብለው ሲቀበሉሽ እኛ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችን ስንል፣ አንቺ «ሳይወለድ ይጠመቃል እንዴ?» ብለሽ እስከ መጨረሻው ዘመርሽው። በሳምንቱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ከበሮውን ይዘሽ ከች። እኔ ብሆን ሰፈር እቀይር ነበር። እኔ ብነግራት ለማጽናናት የፈጠርኩት ይመስላታል፤ ከአንቺ አፍ ትስማው።

ግን እንድትቆርብ አታስገድጃት፣ አደራ። የክርስትና እናቴ መክራኛለች ብላ ምክርሽንም ያለ እንከን ልፈጽም ትላለች፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደብተር ይከፈታል። እኔን በተመለከተ ደግሞ... እሱን እንኳ ስትመጪ አንቺ አንሺው። እኔ መጀመሪያውን አላውቅበትም። ባለቤቴም ሲሰማ... ብቻ አንቺ አንሺው።

ለፍቺው፣ ለነሐሴ 16 ድረሺ። ሩቅ ነው እንዳትይ፤ የፍጥነት መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው የሚያወርድሽ፣ ከዚያ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ። ቦቲ ጫማ አድርጊ። ስንት ቡሄ ሙልሙል ሳትሰጫት እንዳለፈ እሷ ቆጥራ ይዛዋለች፣ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ።

መልስሽን ደግሞ በቴሌግራም በድምፅ እንዳትልኪብኝ። ስልኬን የምትከፍትልኝ እሷ ናት። ጻፊልኝ፣ ወይም ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደውይ።

ጓደኛሽ