የአዲሱን መንደር ፕላን በተመለከተ፦ ሐሙስ ሁላችንም እንገኝ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ከሰፈራችን በላይ ባለው ሜዳ ላይ አንድ የሪል ስቴት አልሚ ሊገነባው ያሰበውን የመኖሪያ መንደር ፕላን የከተማው ባለሙያዎች እየገመገሙት ነው። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በወረዳው አዳራሽ የነዋሪውን ሐሳብ ይሰማሉ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነዋሪው በፕላን ሥራ እንዲሳተፍ ይላል። ስለዚህ መናገር መብታችን ነው።

ኮሚቴያችን ንድፉን አይቶታል። ቤት መሠራቱን አንቃወምም፤ በቤት ኪራይ የሚንገላቱት የእኛው ልጆች ናቸው። የሚያሳስበን ጎርፉ ነው። አሁን እንኳ ሣሩ እየመጠጠው፣ ክረምት ላይ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ቱቦ ሞልታ ውኃው ግቢያችን ይገባል። ሜዳው በኮንክሪትና በአስፋልት ሲሸፈንስ? በንድፉ ላይ የውስጥ መንገዶቹ ሁሉ ቦይ አላቸው። የሁሉም መጨረሻ ግን ይቺው የእኛ ቱቦ ናት! አልሚው ሌላ ማፍሰሻ ሳይሠራ ፕላኑ መጽደቅ የለበትም።

ሌላው አረንጓዴ ቦታው ነው። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ አለው። እዚህ ንድፍ ላይ አረንጓዴ የተቀባው አብዛኛው ገደላማው የወንዝ ዳር ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አይደለም።

ባለፈው ክረምት ግቢያችሁ ውኃ ሲገባ ፎቶ ያነሳችሁ፣ አሳትማችሁ ይዛችሁ ኑ። መናገር የምትፈልጉ እስከ ረቡዕ ማታ ለጸሐፊያችን ስማችሁን ስጡ። መኪና ያላችሁ ደግሞ እናቶችንና አባቶችን ይዛችሁልን ኑ።

የማኅበሩ ኮሚቴ