ለልጁ ከ10 አራት ሰጣችሁት

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ ስለተደረገው የአቋም መለኪያ ጨዋታ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጨዋታውን እኔም ገብቼ አይቼዋለሁ። ውጤቱም ጎል አግቢዎቹም በትክክል ተጽፈዋል። ያናደደኝ ከሥር ያለው ሰንጠረዥ ነው። ከታዳጊ ቡድን ላደጉት ልጆች ከ10 ነጥብ ሰጥታችኋል። በግራ ተከላካይ ቦታ ተቀይሮ ለገባው የ18 ዓመት ልጅ 4። «ለዋናው ቡድን ገና ነው» የሚል ፍርድም ታክሎበታል። ሁለት ጎል ላገባው አጥቂ ደግሞ 9፣ «የክለቡ የነገ ተስፋ»።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ልጆቹን በሩቁ ነው የማውቃቸው፤ ዘመዶቼም አይደሉም፣ አላሰለጠንኳቸውምም። ስለዚህ ለማንም ጥብቅና አልቆምኩም። የምለው አንድ ነገር ነው። ውድድር ሳይጀመር በሚደረግ ጨዋታ ልጅ ላይ አይፈረድም። ማየት ግን ይቻላል። የሚታየውን ነው እናንተ ሳትጽፉት የቀራችሁት።

አራት ያገኘውን ልጅ ላንሳ። ልጁ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ነው። ታዳጊ ቡድን እያለ ከተከላካዮቹ ፊት ነበር የሚጫወተው። የዚያን ቀን የግራ ተከላካዩ ስላልነበረ አሰልጣኙ እዚያ አስገባው። በእሱ በኩል የሚያጠቃው ደግሞ ተጋጣሚው ቡድን ለሙከራ ያመጣው የመስመር አጥቂ ነበር። የሙከራ ተጫዋች ለፊርማ ሲጫወት እንዴት እንደሚሮጥ ለእናንተ አልነግራችሁም። ነፍሱን ነው የሚሰጠው። ልጁ ሲገባ የእኛ ቡድን አብዛኛው ተቀይሮ ነበር። በሊግ ጨዋታ የሚቀየረው 5 ተጫዋች ነው፤ በወዳጅነት ጨዋታ ግን ቡድኖቹ ከተስማሙና ዳኛው ካወቀው ከዚያም በላይ ይቀየራል፣ ሕጉም ይፈቅዳል። እናም ከጎኑ የቆመው የመሀል ተከላካይም እንደ እሱ አዲስ ነበር። ሁለቱ ሲጠራሩ እንኳ ስም አልተላመዱም፤ አንዱ ሌላውን «አንተ! አንተ!» ሲል ነበር።

ጎሉ በእሱ በኩል መግባቱ እውነት ነው። ለመሀል ተከላካዩ ሊመልስ የመታት ኳስ አጠረችበት፣ አጥቂው ነጠቀና ሄደ። ይህን ጽፋችኋል። ከዚያ በኋላ የሆነውስ? ብዙም ሳይቆይ በረኛው ኳስ ሲይዝ ልጁ ወደ መስመሩ ወጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ «ለኔ!» አለ። ኳሷ ሳትደርሰው በፊት ሁለት ጊዜ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። በመጀመሪያው ንክኪ ወደ ውስጥ ገባ፣ ለአማካዩ ሰጠ፣ እንደገና ለመቀበል ሮጠ። እኔ ስንቱን ልጅ አይቻለሁ፣ በእሱ ስህተት ጎል ከገባ በኋላ ኳስ እንዳትደርሰው ከተጋጣሚ ጀርባ የሚደበቅ። ይኼኛው አልተደበቀም። አሰልጣኝ እንዲህ ያለውን ነገር ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። ጋዜጠኛስ ለምን አይጽፍም?

ሌላው ድካሙ ነው። በዝግጅት ወቅት አሰልጣኞች ተጫዋቹን ሆን ብለው ያደክሙታል። በቀን ሁለቴ ልምምድ አለ። ጠዋት ሩጫና የጉልበት ሥራ፣ ከሰዓት ኳስ። እግሩ ድንጋይ ሆኖ ነው ሜዳ የሚገባው። ፍጥነቱ የሚመለሰው ውድድሩ ሲቃረብ ልምምዱ ሲቀልለት ነው። አንዱ ቡድን ዝግጅት ከጀመረ ወር አልፎት፣ ሌላው ገና ሳምንቱ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የድሬን ሙቀት ጨምሩበት። ነሐሴ ላይ ቀትሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ከደጋ ወርዶ የመጣ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ምላሱን ሲያወጣ «የእኛ ልጆች በለጡ» ብሎ መጻፍ ጨዋታውን ሳይሆን ፀሐይዋን ማድነቅ ነው።

አሁን ወደ 9ኙ ልጅ። ሁለት ጎል አግብቷል፣ ማን ይክዳል። አንዷ ሪጎሬ ናት። ሁለተኛዋ የገባችው ተጋጣሚው መጨረሻ ላይ ታዳጊዎቹን ካስገባ በኋላ፣ በረኛው ከእጁ የለቀቃትን አግኝቶ ነው። ቦታው ላይ መገኘቱ መልካም ነው፣ የአጥቂ ሥራም ነው። ግን 9? ልጁ ከእኩዮቹ በቁመትም በትከሻም ይበልጣል። ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ በታዳጊ ጨዋታ ሁልጊዜ ጎልቶ ይታያል። የአውሮፓ ታዳጊ ቡድኖችም ውስጥ በምዝገባው ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱት የሚበዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቂት ወር የሚበልጥ ልጅ ጎበዝ ይመስላል፣ ይመረጣል፣ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል። የእኛ አገር የዕድሜ ጉዳይማ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ልዝለለው። ነጥቤ ይኸው ነው፤ ሌሎቹ በአካል ሲደርሱበት ምን ይዞ ይቀራል የሚለውን ሁለት ጎል አይነግራችሁም።

የአርሰናል ደጋፊ በየሰፈሩ ስለሆነ አንድ ምሳሌ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ቹባ አክፖም የሚባል የ19 ዓመት አጥቂ ሲንጋፖር ላይ በሲንጋፖር ምርጥ 11 መረብ ላይ ሀትሪክ ሠራ፣ ሦስት ጎል። ውድድሩ ሲጀመር በውሰት ወደ ሀል ሲቲ ሄደ። በ2018 ክለቡን ለቅቆ ወደ ግሪኩ ፓኦክ ሲሄድ ለአርሰናል በውድድር ጨዋታ አንድም ጎል አልነበረውም። በዚያች ምሽት 9 ቢሰጠው ኖሮ ስህተት ነው። አርሰናልን ሲለቅ 3 የሰጠውም ተሳስቷል፤ ምክንያቱም በ2022/23 ለሚድልስብሮ 28 የሊግ ጎል አግብቶ የእንግሊዝ ሁለተኛው ሊግ የሻምፒዮንሺፑ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል።

«ሮናልዶስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 የያኔው ክለቡ ስፖርቲንግ ማንቸስተር ዩናይትድን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ በአንድ ወዳጅነት ጨዋታ ተገኘ ይባላል። ዩናይትዶች ግን ልጁን ቀድመው ሲከታተሉት ነበር፣ ሁለቱ ክለቦችም ግንኙነት ነበራቸው። ጨዋታው ነገሩን አፋጠነው እንጂ ከዜሮ አልጀመረውም።

ይህን ሁሉ የምለው ነጥቡ ወረቀት ላይ ስለማይቀር ነው። ጽሑፋችሁ በወጣ ማግስት ፎቶው ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ነበር። የ9ኙ ልጅ ቤት ደላላ ደርሷል አሉኝ፣ አይገርመኝም። የ4ቱ ልጅ ደግሞ ሰፈሩ ሲገባ «አቦ፣ አራት!» እያሉ ይጠሩታል። በቀልድ ነው። ድሬ ቀልድ አያልቅባትም፣ በተለይ ከሰዓት በርጫ ላይ። የ18 ዓመት ልጅ ግን ቀልዱን ይዞ ነው የሚተኛው።

የድሬ ተመልካች እንዲህ ያለ ነገር አይመጥነውም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችንን ቡድን ኮተንን ሻምፒዮን ሲሆን ያየ ከተማ ነው። በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ተደርጎ ናይጄሪያን፣ ሞሮኮን፣ ዛየርንና ሱዳንን አይተናል። ዋንጫውን ያነሳችው ሞሮኮ ከዚሁ ምድብ ናት። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ስለዚያ ሲያወሩ ማን እንዴት ቦታ እንደሚይዝ፣ ማን ኳስ ሳይዝ እንዴት እንደሚሮጥ ነው የሚያወሩት። ከ10 ስንት እንደነበር ሲያወሩ አልሰማሁም።

ምን እንጻፍ ካላችሁ፣ ከባድ አይደለም። ልጁ ስንት ደቂቃ ተጫወተ? በራሱ ቦታ ነው ወይስ በሰው ቦታ? ሲጫወት አጠገቡ እነማን ነበሩ? ፊት ለፊቱስ፣ የተጋጣሚው ዋና ተጫዋቾች ናቸው ወይስ ተቀያሪዎች? ቡድኑ ዝግጅት ከጀመረ ምን ያህል ሆነው? አሰልጣኙን ከጨዋታው በኋላ «ይህን ልጅ ዛሬ ምን እንዲሠራ ነበር የነገርከው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ጊዜ ያስገርማችኋል። ጎል ጠብቅ አላለው ይሆናል፤ ወደ ፊት ብቻ አቀብል፣ ቢበላሽም ችግር የለም ብሎት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አጠረችበት ያልናት ኳስ ራሷ ሌላ ትርጉም አላት።

ነጥብ መስጠት ካማራችሁ ለነባሮቹ ስጡ፤ እነሱ ደመወዝ ይበሉበታል። ከ20 ዓመት በታች ላሉት ሊጉ ተጀምሮ የተወሰነ ጨዋታ እስኪያደርጉ ጠብቁ። እስከዚያው ደግሞ የታዳጊዎቹን ጨዋታ የሚያይ አንድ ሰው ላኩ። ጠዋት ነው የሚጫወቱት፣ መግቢያ አይከፈልም፣ ወንበርም የለም። እኔ ብዙ ጊዜ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነኝ። ጋዜጠኛ አይቼ አላውቅም፣ ቦታ ግን አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት መምህር
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን