በግ ልግዛ ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አያትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ እዚህ አዲስ አበባ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ያጠራቀምሽውን ብር በግ ላይ ለማዋል ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ስልኩ እየተቆራረጠ በወጉ ስላልተነጋገርን ሐሳቤን ልጻፈው አልኩ።

አንቺ «ገዝቼ ለፋሲካ እሸጣለሁ» ብለሽኛል። ያ ማድለብ ነው። ጠቦት ገዝተሽ ፉርሽካና ፋጉሎ (የዘይት ጭማቂ ተረፈ ምርት) ትቀልቢያለሽ፣ ለበዓል ትሸጫለሽ፣ በማግስቱ በረትሽ ባዶ ነው። ገበያው ከከዳሽ ደግሞ ትርፉ ቀርቶ ዋናውም ይነካል። እኔ የምመክርሽ እርባታውን ነው። አራት አምስት ሴት በግ ይበቃሻል። ብር ቢተርፍሽም ከዚያ በላይ አትጀምሪ። በመጀመሪያው ዓመት የማትሳሳቺው ነገር የለም፤ በጥቂት በግ መሳሳት ይረክሳል።

መንዝ ተቀምጠሽ ሌላ ዘር አታማትሪ። አዋሲ ከሚባለው የውጭ አገር የበግ ዘር ጋር የተዳቀለውን ግዢ የሚሉሽ አይጠፉም። ግዙፍ ነው፣ ያምራልም፤ አፉም እንደ ቁመናው ነው። የኛዋ ትንሿ በግ ውርጩን ትችላለች፤ ሣር ባለቀበት ወቅትም የምትለቅመው አታጣም። ለጀማሪ እሷ ናት። ጸጉሯም ቢሆን ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ የሚፈልገው ሰው እዚያው ሠፈር አለ።

የምትገዢው በሁዳዴ መካከል ይሁን። በዚያ 55 ቀን ሥጋ ፈላጊው ስለሚያንስ ዋጋው ይረግባል። የበዓል ሰሞን ግን ገበያው አጠገብ አትድረሺ።

ስትገዢ አትፈሪ። ከንፈሯን ገልጠሽ ጥርሷን እዪ። በግ ከፊት የላይ ጥርስ የላትም፤ የምታዪው የታችኞቹን 8 ነው። ሁሉም ደቃቃ የወተት ጥርስ ከሆኑ ገና ልጅ ናት። መሐል ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥርስ ካወጣች ዓመት አልፏታል፤ አራት ከሆነ ሁለት ዓመት ገደማ ናት። ከእነዚህ ምረጪ። ስምንቱም ሞልተው መወላለቅ ከጀመሩ ግን ባለቤቱ ጡረታ ያስወጣት አሮጊት ናት፤ ምንም ቢያሞግስልሽ እለፊያት። ከዚያ የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣትሽ ገልብጠሽ ውስጡን ተመልከቺ። ቀላ ካለ ጥሩ ነው። ከነጣ ደሟን የሚመጥ ትል ሆዷ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ጡቷንም ዳብሺ፤ የጠጠረ እብጠት ካለ ግልገሏ ወተት አያገኝም። ሻጮቹ «ይቺ ልጅ ሐኪም ናት እንዴ?» ብለው መሳቃቸው አይቀርም። ይሳቁ።

አውራ በግ አትግዢ። አንድ አውራ ከ25 እስከ 30 ለሚሆኑ እናት በጎች ይበቃል፤ ለአምስት ብለሽ እሱን ስትቀልቢ መክረምሽ ኪሳራ ነው። በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ገበሬው ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ በፈረንጆቹ 2009 ገደማ ጀምሮ በማኅበር አውራ እየመረጠ በጋራ ሲጠቀም ቆይቷል። ወደ እናንተ የሚቀርብ ማኅበር ካለ ጠይቂና ግቢ።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢልኝ ይህን ያዢልኝ። በየቤቱ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ለበዓል ቀድሞ ይሸጣል። ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ! ገዢ ያጣው ኮስማና ቤት ይቀራል፤ እናት በጎቹን የሚሰርረውም እሱ ይሆናል። እንዲህ እየተባለ በየዓመቱ መንጋው ይቀጭጫል፤ ከዚያ ሰዉ «ዘሩ ተበላሸ» ይላል። አንቺ ሴት ግልገሎችሽን በተለይ ምርጥ ምርጦቹን አትሽጪ፤ ነጋዴ ደጅሽ ድረስ ብር ይዞ ቢመጣም። የሚሸጠው ወንዱ ነው። አውራው የወለዳቸው ሴቶች ለስሪያ ሲደርሱ ደግሞ ያው አውራ አይመለስባቸው፤ በሌላ ይቀየር።

በግ የምታረግዘው 5 ወር ያህል ነው። የወለደች ዕለት ግልገሉ እንገሩን፣ የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጥባቱን በዓይንሽ እዪ። እናቲቱ እንቢ ካለች ይዘሽ አጥቢው። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ግልገሉን እርጥብ ወለል ላይ አታሳድሪ።

ክረምቱ ሲወጣ ረግረግ ዳር አታሰማሪ። ሣሩ ለምለም ስለሆነ ያጓጓሻል፤ ግን የጉበት ትል የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። የበግ ፈንጣጣና «ደስታ መሰል» የሚባለው በሽታ ክትባት መቼ እንደሚሰጥ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ። ከገበያ ጉሊት መድኃኒት እንዳትገዢ።

ስለ አዙሪትም ልንገርሽ። በግ አንገቷን አጣማ በአንድ ጎን የምትዞረው ቡዳ በልቷት አይደለም። ውሻ ሆድ ውስጥ የሚኖር የኮሶ ትል አለ። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በጓ ስትግጥ ትውጠዋለች፤ አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይቋጥራል። ውሻው ደግሞ የዚያችን በግ ጭንቅላት ሲበላ ትሉ ተመልሶ ይገባበታል። ስለዚህ በግ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለውሻ የሚወረውር ሰው ካየሽ ተቆጪ፣ አጎትሽም ቢሆኑ። ይቀበር።

ድርቆሹን ሣሩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሳጭጂ። ገለባው ከአያትሽ አውድማ ይገኛል፤ አሞሌ ጨው እኔ እልካለሁ።

ብሩን የምጨምርልሽ ከግዢው በፊት ነው። እስከዚያ የበረቱን ወለል ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ድንጋይ የሚያነጥፍ ሰው አነጋግራለሁ። በሩንም አሳዪኝ፣ ጅቡ ዘንድሮም ይመላለሳል ብለውኛል።

አያትሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ