ለምርጥ ቡድናችን አባላት፦ የቅድመ ውድድር ጨዋታዎች

ሰላም ለሁላችሁም። የቅድመ ውድድር ዝግጅት ጨዋታዎቻችን ቅዳሜ መስከረም 9 እና እሁድ መስከረም 10 እዚሁ ደብረ ብርሃን ይካሄዳሉ። ከሸዋሮቢት፣ ከደብረ ሲናና ከመሐል ሜዳ ሦስት ክለቦች በእንግድነት ይመጣሉ። አስተናጋጁ የከተማችን ምርጥ ቡድን ነው።

ቅዳሜ ሁለት ጨዋታ አለ፤ የመጀመሪያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። እሁድ ተሸናፊዎቹ ለሦስተኛነት፣ አሸናፊዎቹ ለዋንጫ ይጋጠማሉ። ተጫዋቾች ሁለቱንም ቀን 1:30 ላይ ሜዳ ተገኙ። ሜዳው ገና አልደረቀም፤ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ያዙ።

አንድ ነገር አደራ። ሸዋሮቢት ቆላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሸዋሮቢት ለሚመጡት እንግዶች ሌሊቱ ይከብዳቸዋል፤ ሩጫውም ትንፋሽ ያሳጥራል። ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ማዋስ የምትችሉ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። እንግዳ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ማየት ለእኔ ከሽንፈት ይብሳል።

የምንወስነው የተቀያሪ ቁጥር ነው። በወዳጅነት ጨዋታ ቡድኖቹ ተስማምተው ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይችላሉ፤ ዳኛው ግን ከጨዋታው በፊት ማወቅ አለበት። እኔ ሰባት ይሁን እላለሁ፤ ዝግጅት ስለሆነ ልጆቹ ሁሉ ይሞከሩ። እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳባችሁን፣ ጋቢ የምታመጡም ስንት እንደሆነ፣ እዚሁ ጻፉልን።